ዝግ ሁለት

«ዋሸሁ እንዴ? ዝግ ነበራ! ዝግ ነው አልኳቸው፤ ሌላ ምን ልበላቸው?»

ቢፍቱ ይህን የሰማችው በግድግዳው በኩል ነው። ግድግዳው ጭድ ያነሰው ጭቃ ነው፤ በወዲያኛው በኩል ታናሽ ወንድሟ በንቲ ከሚስቱ ከጫልቱ ጋር ይኖራል፣ በወዲህኛው በኩል እሷ ከልጇ ከሌንሳ ጋር። ሐሙስ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገና አልሞላም። የሌንሳን የትምህርት ቤት ቀሚስ እየተኮሰች ነበር፤ ካውያውን ከጨርቁ ላይ አንስታ ያዘችው። ጫልቱ ዝቅ ባለ ድምፅ «እህቴ ናት፣ ሥራ ሄዳ ነው ብትላቸው ምን ትሆን ነበር?» አለችው። በንቲ በመፋቂያው ጥርሱን እየፋቀ መሆን አለበት፣ ቃሉ ግማሽ ግማሽ እየሆነ ይወጣል። «እኔ የሰው ቤት ዘበኛ ነኝ? የጠየቁኝ ክፍት ነው ዝግ ነው ብለው ነው። ዝግ ነበር» አለ። ከዚያ ተፋ፣ አፉን ተጉመጠመጠ፣ ነገሩም በዚያው አለቀ። ቢፍቱ ካውያውን መልሳ አስቀመጠችው። ለልጇም ምንም አላለቻት፤ ቀሚሱን አልብሳ፣ አንድ ዳቦ በላስቲክ ጠቅልላ ሸኘቻት። ዳቦው አሥር ብር ነው፣ በሦስት ጉርሻ ያልቃል።

የነገሩ ሁሉ መነሻ መዝጋቢዎች በተዘጋ በር ላይ «ዝግ» ብለው የሚጽፉበት ቀይ ጠመኔ ነው። የአካባቢው የቤትና የሥራ ዕድገት ጥናት የሚባል ነገር ከመጣ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። በመጀመሪያ ሰፈርተኛው አዳራሽ ተጠርቶ፣ የሸሚዙን እጅጌ የጠቀለለ አንድ አጥኚ ባለቀለም ካርታ ግድግዳ ላይ እያበራ አስረዳ። ሰፈሩ ይነሣል፤ መቼ እንደሚነሣ ጥናቱ ሲያልቅ ይታወቃል። እዚህ እንደሚኖር የተመዘገበ ሰው ምትክ ቤት ያገኛል። ሥራ ያለው እዚሁ ላፍቶ ከሚቆመው ሕንፃ ይደርሰዋል፣ ምክንያቱም ቤትና ሥራ መቀራረብ አለባቸው። ሥራ የሌለው ወደ ከተማው ዳር ወጥቶ ወደፊት ፋብሪካ የሚተከልበት ቦታ ይሰፍራል፣ ምክንያቱም ቤትና ሥራ መቀራረብ አለባቸው። ሰውየው ይህን ሁለት ጊዜ ሲለው ፊቱ ላይ ምንም ነገር አልታየም፣ የሚያምንበት ሰው ነው። ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አውጥታ፣ ቤቱ ያልተገኘ ሰውስ ምን ይሆናል ብላ ጠየቀች። መዝጋቢዎቻችን ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ፣ ሦስት ጊዜ ዝግ የሆነ ቤት ነዋሪ የሌለበት ተብሎ ይያዛል፣ አላት። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሦስት ጊዜ ሲባል ብዙ ይመስላል።

መዝጋቢዎቹ የሚዞሩት ግን ከሦስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ነው። ከአሥር ሰዓት በኋላ አበል አይታሰብላቸውም፣ ቅዳሜና እሑድም እንደዚያው። እንግዲህ በሥራ ቀን ከሦስት እስከ አሥር ሰዓት ቤቱ የሚገኝ ማነው? በመንገዱ ዳር ከተደረደሩት ዘጠኝ በሮች ጠመኔው ሠራተኛ ሠራተኛውን ለቀመ። ልብስ ሰፊዋ ዝግ። የሚኒባስ ሾፌሩ ዝግ። ጎፋ ትምህርት ቤት የምታጸዳው ዝግ። በንቲ ግን ተገኘ፤ በንቲ የኤሌክትሪክ ሥራ ተምሮ ከተመረቀ ወዲህ ሁልጊዜ ይገኛል። የሌሊት ዘበኛው ዋቅቶላም ቀን ስለሚተኛ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ተቀስቅሶ ተመዘገበ። ሥራ አለኝ ሲላቸው፣ ሥራ አለኝ የሚል ሰው የአሠሪው ስልክ ይደወልለታል አሉት። ደወሉ። አሠሪው ቀን ቀን ስልክ አያነሣም። እናም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ንብረት ሲጠብቅ ያነጋው ዋቅቶላ «ሥራ ፈላጊ» ሆኖ ተጻፈ። ራሱ እየሳቀ ነው ለሰፈሩ ያወራው፤ ሲስቅ ግን ዓይኑ አይስቅም ነበር።

ቢፍቱ በር ላይ «ዝግ 1» የተጻፈው ባለፈው ሳምንት ረቡዕ፣ «ዝግ 2» የተጻፈው ሰኞ ነው። ሰኞ ማታ ከሥራ ስትመለስ፣ ቁልፉን ከማስገባቷ በፊት ስልኳን አብርታ አየችው። እጇን ጽሑፉ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆመች፣ ግን አላጠፋችውም፤ የመንግሥት ጽሑፍ ያጠፋ ይቀጣል የሚል ወሬ ነበር። ሦስተኛውና የመጨረሻው ዙር በዚህ ሳምንት ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ነው ተባለ፤ የቱን ቀን ወደ የቱ በር እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ማክሰኞ ከሥራ ቀረች። ረቡዕም ቀረች። ይኸው ሐሙስም በርጩማዋን ደፉ ላይ አውጥታ ተቀመጠች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በሥራ ቀን ፀሐይ የቤቷን ደጅ እንዴት እንደምትዞር ያየችው ገና በዚህ ሳምንት ነው። በሰባት ሰዓት ገደማ ጥላው ከእግሯ ሥር ጥፍት ብሎ እንደሚሄድ አታውቅም ነበር።

ከተቀመጠችበት ሆና ቤቷ ሙሉ በሙሉ ይታያታል፣ ለማየት ብዙ መዞር አያስፈልግም። ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ ሌንሳ የምታጠናበት ጠረጴዛ፤ በጓዳው የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሦስት ጀሪካን፣ አባቷ ያስቀመጡት የበሬ ቀንበር። ቀንበሩ እዚህ ቦታ ላይ ጤፍ ይዘራ ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው፤ አሁን ሌንሳ ልብስ ታሰጣበታለች። ወለሉን ቢፍቱ ራሷ ሊሾ አድርጋዋለች፣ ከምትሠራበት ግቢ በተፈቀደላት የተራረፈ ሲሚንቶ። ሌንሳ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ ትምህርት ቤቷ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ለቡ ያለው የቢፍቱ ሥራም በታክሲ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ቤትና ሥራ ይቀራረቡ ከተባለ ከዚህ በላይ ምን ያህል ይቀራረቡ? እንደ ዋቅቶላ ሥራ የላትም ተብላ ወደ ከተማው ዳር ተወስዳ፣ ፋብሪካ ወደፊት የሚተከልበት ቦታ ላይ ከልጇ ጋር ቁጭ ብላ ፋብሪካውን ስትጠብቅ ይታያታል።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኳ ጮኸ። አቶ ሚሳኤል ነው፣ የብሎኬት ማምረቻው ባለቤት። ቢፍቱ እዚያ ስምንት ዓመት ሠርታለች፤ ወረቀት የላትም፣ ደመወዟም በቀን ይታሰባል፣ ግን ትኩስ ብሎኬት ሳይሰነጠቅ ከማሽኑ ሥር የሚያነሣ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ የሚያጠጣ፣ የደረሰውን ካልደረሰው በእጁ ዳስሶ የሚለይ ሰው ከእሷ ሌላ እንደሌለ ግቢው ሁሉ ያውቃል።

«ዛሬም የለሽም?» አላት።

«ጋሼ፣ ነገ በሁለት ሰዓት እገባለሁ። ዛሬን ብቻ።»

«ማክሰኞም ዛሬን ብቻ ነበር ያልሽኝ። ስሚኝ ቢፍቱ፣ ሰባት ሰዓት ላይ መኪና ይጫናል። ሺህ ሁለት መቶ ብሎኬት ነው። ያልደረሰ ተጭኖ መንገድ ላይ ቢፈርስ ደንበኛው ይሄድብኛል። ካልመጣሽ ሰው አስገባለሁ፣ እንዳትቀየሚኝ።»

«ቤት ሊመዘገብ ነው እኮ ጋሼ። ካጡኝ ቤቴ ባዶ ነው ይባላል።»

«እኔስ ግቢዬ ባዶ አይደል?» አለና ዘጋው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ባለፈው ዓመት ሌንሳ ስትታመም የመድኃኒቱን ከፍሎላት አልቆረጠባትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት አልሄድ አለ። መዝጋቢ የሚመስል ሰው በመንገዱ ብቅ ባለ ቁጥር ትነሣለች፤ አንዱ የሶላር መብራት ሻጭ ሆነ፣ አንዱ ወንጌል ሰባኪ፣ አንዱ አድራሻ የጠፋበት ሰው። ጫልቱ ሽንኩርት ገዝታ ስትመለስ ቆም ብላ «ኪሎው ዘጠና ገባ» አለቻት። ቢፍቱ «ትናንት ሰማንያ አልነበር?» አለቻት። ጫልቱ «ትናንትማ» ብላ ቆመች፤ ሌላ የምትለው ነገር ያላት ይመስል ነበር፣ ፌስታሉን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች፣ ከዚያ ገባች። ቢፍቱም የጠዋቱን ሰምቻለሁ አላለቻትም። በዚህ ግቢ ውስጥ የሚነገር ነገር ከተለካ ቆይቷል። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ በወንድምና እህት መሃል የቀረው ንግግር «ውሃ መጣ» እና «የመብራት ካርድ ሊያልቅ ነው» ብቻ ነው። ተጣልተው አይደለም። ቢጣሉ አስታራቂ ሽማግሌ ይገባ ነበር። እንዲሁ አንድ ቀን የግቢው ካርታ በማን ስም ይውጣ የሚል ጥያቄ ተነሣ፣ ሁለቱም «እስቲ ይታያል» አሉ፣ እስከ ዛሬም እየታየ ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ቢፍቱ ሒሳቡን ሠራች። አሁን ብትነሣ ስድስት ሰዓት ተኩል ለቡ ትደርሳለች። መኪናውን አስጭና ስምንት ሰዓት ላይ ብትወጣ ስምንት ሰዓት ተኩል እዚህ ናት። የሚያስፈልጋት በዚህ መሃል መዝጋቢው ቢመጣ «እህቴ ናት፣ አሁን ትመጣለች፣ ትንሽ ጠብቁ» የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ከእሷ ስምንት እርምጃ ርቆ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የኳስ ወሬ ያዳምጣል። ተነሣች። የሥራ ጫማዋን አደረገች፣ ሻሿን አጠበቀች፣ በሩን ቆለፈች። ስምንቱን እርምጃ ሄደች።

«በንቲ» አለችው።

«እ?» አለ ቀና ብሎ፣ ስልኩንም ዝም አሰኘው። ፊቱ የአባታቸው ፊት ነው፣ አገጩ ሳይቀር። እየጠበቀ ነበር፤ ምንም ነገር ብትለው የሚሰማ ሰው ይመስል ነበር። አፏ ውስጥ ግን የጠዋቱ ቃል ነበር። ዝግ ነበር። ዋሸሁ እንዴ? ሦስተኛ ጊዜ ቢጠይቁት ሦስተኛ ጊዜ እውነቱን ይናገራል፤ በሩ እንደሆነ ይኸው ተቆልፏል። ቤቷ ባዶ ከተባለ ደግሞ ግቢው ሁሉ የእሱ ሆኖ ይመዘገባል። ይህን አስቦ ይሆን? ወይስ ምንም አላሰበም? መጠየቅ ነበረባት። ብትጠይቀው መልሱን መስማት ሊኖርባት ነው።

«ውሃ መጣ?» አለችው።

«አልመጣም። ዛሬ ቀኑ አይደለም።»

ተመልሳ በሯን ከፈተች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። በንቲ ትንሽ ካያት በኋላ የኳስ ወሬውን መልሶ ለቀቀው። ሰባት ሰዓት ሲሆን ብሎኬቱ በዓይነ ኅሊናዋ ሲጫን ታያት፤ ሁለተኛው ረድፍ ገና ነው፣ ሰኞ የወጣ ነው፣ እሱን እንዳትነኩት። ስምንት ሰዓት ላይ ለአቶ ሚሳኤል ደወለች፣ አላነሣም። እንደገና ደወለች፣ አላነሣም። ሥራ በዝቶበት ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

መዝጋቢው የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጫማው አቧራ ጠጥቶ ቀለሙ ጠፍቷል፣ በአንድ እጁ ታብሌት በሌላው ጠመኔ ይዟል። ዓይኑ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንጂ ሥሩ የተቀመጠችውን ሴት አላየም፤ ጠመኔውን ያዘጋጀው ገና አራት ሜትር ሲቀረው ነው። ስትነሣ ደነገጠ።

«ውይ! ሰው አለ እንዴ? ይቅርታ ማዘር። ዝግ ሁለት ስለሚል ነው።» ጠመኔውን ኪሱ ከተተ። ቴዎ እባላለሁ አላት። ውሃ ሰጠችው፣ በአንድ ትንፋሽ ጠጣው። ከጠዋት ጀምሮ ሃምሳ በር አንኳኩቶ ሰው ያገኘው አሥራ ስድስቱ ላይ ነው። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የልጇን ስም፣ የክፍሉን ብዛት፣ መጸዳጃውን፣ የጣራውን ዓይነት ጠየቃት፤ ሁሉንም ስትመልስ ድምፅዋ እየጠነከረ ሄደ። እዚህ ስንት ዓመት ኖረዋል ሲላት «የተወለድኩት እዚህ ነው» አለችው፣ ደስ አላት። የሚመሰክር ጎረቤት ይኖር ይሆን አላት። እሷ አፏን ሳትከፍት በንቲ ከበረንዳው ተነሥቶ መጣ፤ ጥያቄውን እንደሰማ ነው የመጣው።

«እህቴ ናት! ታላቅ እህቴ ናት፣ የአንድ አባትና እናት!» አለ። «ምን ምስክር ያስፈልጋል? ሁልጊዜ እዚሁ ናት። የትም አትሄድም። ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ ከዚች ደፍ መች ተነሣች?»

ቢፍቱ ዞር ብላ አየችው። እህቴ ሲላት ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው። ልቧ ሞቅ አለ፣ በዚያው ቅጽበትም በጥፊ ልታጮለው ፈለገች። ቴዎ ጽፎ ጨርሶ «እሺ። ሥራስ ማዘር?» አለ።

«አለኝ። ብሎኬት ማምረቻ፣ ለቡ። ስምንት ዓመቴ ነው።»

ልጁ አንዴ በንቲን፣ አንዴ እሷን አየ። «ሁልጊዜ እዚሁ ናት እያሉኝ እኮ ነው። ቀኑም የሥራ ቀን ነው» አለ፣ ለማፋጠጥ ሳይሆን ግራ ገብቶት። «የአሠሪዎን ስልክ ይስጡኝ፤ መደወል ግዴታችን ነው።» ሰጠችው። ደወለ፣ ድምፁንም ከፍ አድርጎ በእጁ ያዘው። የማያውቀው ቁጥር ስለሆነ አቶ ሚሳኤል ወዲያው አነሣ። ከኋላው የመኪና ሞተር ይሰማል፣ አንዲት ሴት «ይሄኛው ረድፍስ?» ስትል ይሰማል። የወጣት ሴት ድምፅ ነው።

«ቢፍቱ የሚባሉ ሠራተኛ አሉዎት?» አለ ቴዎ።

«ነበረች» አለ አቶ ሚሳኤል። «ጎበዝ ሠራተኛ ነበረች። ሦስት ቀን ቀረች፣ ዛሬ ሰው አስገባሁ። ምን ላድርግ ወንድሜ?»

ስልኩ ሲዘጋ ሦስቱም ታብሌቱን አዩ፣ መልሱ ከዚያ የሚመጣ ይመስል። ቴዎ አንገቱን አቀርቅሮ «ሥራ ያቆሙበት ምክንያት ይላል» አለ። «ሕመም፣ ወሊድ፣ ሐዘን፣ የድርጅቱ መዘጋት፣ ሌላ።»

«አንተን ስጠብቅ ነው» አለችው።

«እ?»

«አንተን ስጠብቅ ነው የቀረሁት። ቤትሽ ዝግ ነው እንዳትለኝ። እንደሱ ብለህ ጻፍልኝ። ሥራ ነበራት፣ እኛን ስትጠብቅ ተባረረች ብለህ ጻፍ።»

ልጁ ቀላ። ታብሌቱን አዙሮ አሳያት፣ አምስት ትናንሽ ክቦች ናቸው፣ ከሥራቸው መጻፊያ ቦታ የለም። «ቦታ የለውም ማዘር። ይሙት ቢኖረው እጽፍልዎት ነበር። ሌላ የሚለውን ልጫነው?» መልስ ሳይጠብቅ ተጫነው። ከዚያ ተጣባቂ ቁጥር አውጥቶ በሯ ላይ፣ ልክ «ዝግ 2» ከሚለው ጎን ለጠፈ፣ እንዳይነሣም በመዳፉ ደህና አድርጎ ዳበሰው። «ቤቱ ተመዝግቧል፣ በእሱ ምንም ስጋት አይግባዎት። ቦታውን ግን የሚመድቡት ሌሎች ናቸው» አላት። ከንግግሩ ውስጥ ማፈሩ ይታወቃል። እሱም ኮንትራቱ ዛሬ እንደሚያልቅ፣ ከነገ ጀምሮ ቤት እንደሚውል ሲሄድ ለበንቲ ሲነግረው ሰማች። በንቲ «አይዞህ፣ ይለመዳል» አለው።

ልጁ ከመንገዱ ሲታጠፍ በንቲ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ከስንት ዘመን በኋላ በሯ ሥር መቆሙ ነው። «ከሥራው ለዚህ ብለሽ ነው የቀረሽው? ሦስቱንም ቀን?» አላት። «ቅድም በስድስት ሰዓት ጫማ አድርገሽ የመጣሽው ልትሄጂ ነበር አይደል?»

በርጩማዋን ከደፉ ላይ አነሣች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? እዚሁ ነበርኩ እኮ። ጠብቁ፣ ትመጣለች እላቸው ነበር።»

ያ ነው የከፋው። አሁን ሲናገር ፊቱን አየችው፣ ምናልባት እውነቱን ነው። ምናልባት ይላቸው ነበር። ጠዋት በግድግዳው በኩል የሰማሁት ሰው ሌላ ነበር ልትለው ፈለገች፣ ግን ምን ይጠቅማል? «ውሃ ሲመጣ ቀስቅሰኝ» ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ሌንሳ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስትመጣ መጀመሪያ ያየችው የተለጠፈውን ቁጥር ነው። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች እየሮጠች ገባች። «እማዬ! መጡ እንዴ? ተመዘገብን?»

«ተመዘገብን።»

«እልልል! ነግሬሽ አልነበር?» አንገቷን አቀፈቻት፣ ጉንጯን ሳመቻት፣ ከዚያ የጀሪካኑን ክዳን ከፍታ የመጨረሻውን ውሃ ወደ ኩባያ አንቆረቆረች። እየጠጣች ጥግ ላይ የተቀመጠውን የእናቷን የሥራ ጫማ አየች፤ ሲሚንቶ ደርቆበታል። «በይ ጫማሽን ዛሬ ልጠብልሽ፤ ነገ መቼም ትገቢያለሽ።»

ቢፍቱ ጫማውን በእግሯ ገፋ አድርጋ አልጋው ሥር አስገባችው።

«ነገ ቤት ነኝ» አለች።